ልጄ በገና ሜዳ የተናገረው

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በልደት በዓል ከሰዓት በኋላ ነው። አሁን ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህኛው ግን ግንብ ላይ ቆሜ ድንጋይ ሳስተካክልም ይመጣብኛል፣ ቅዳሴ ቆሜም ይመጣብኛል። በሰው ፊት አፍሬአለሁ፤ ማፈሩን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ያሳፈረኝ ሰው ማን እንደሆነ ማሰቡን ነው።

ታከለ እባላለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ቀበሌ እኖራለሁ። ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ዳዊት፣ ከዚያ እጄ የገባውን ጋዜጣና መጽሔት ሁሉ። ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሠኝ።

በአካባቢያችን ግን ሰው የሚያውቀኝ በግንብ ሥራዬ አይደለም፤ በገና ጨዋታ ነው። ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመቱ የተቃራኒውን ወገን መስመር ማሳለፍ ነው። ሩሯ የምትነካው በዱላ ብቻ ነው። በእጅም በእግርም የነካ አጥፍቷል። ከዚህ ሌላ ብዙ ሕግ የለውም። የተሸነፈ ይሰደባል፣ ይገጠምበታል፣ ሽማግሌም ቢሆን አይማርም። በገና ደግሞ መቆጣት ነውር ነው።

ስሜ የገነነው በአንዲት ግብ ነው። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ሁለታችንም ወገኖች እኩል ሆነን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በተቃራኒዎቻችን መስመር ላይ ሰው ተደራረበ፣ አቧራው ጨሰ፤ ሩሯ ከእኔ በኩል ወጥታ መስመሩን አለፈች። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። የዚያኛው ወገን መሪ አያ ውቤ ነበሩ። ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰዉን እየገፉ መጥተው ዓይን ዓይኔን አዩና፣

«ታከለ፣ በዱላ ነው በእግር?» አሉኝ።

«በዱላ ነው» አልኩ።

ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። እጄን ጨብጠው ሄዱ። በአካባቢያችን እንዲህ ነበር፤ ሰው ከተናገረ ተናገረ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያች ግብ ስትወራ ኖረች። ከአማኑኤል ድረስ እኔን ለማየት በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር። ልጆች ሜዳ ላይ ሲሰለፉ «ታከለ እኔ ነኝ» እየተባባሉ ሲጣሉ ሰምቻለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዱላ አልነበረም። ሩሯ ከሁለቱ እግሮቼ መሐል ገብታ ነበር፤ ዱላ የምሰነዝርበት ቦታ አልነበረኝም። በተረከዜ ወደ ኋላ ገፋኋት። ከዚያ ዱላዬን አንሥቼ በባዶው ሰነዘርኩ። ሰው ያየው ዱላውን ነው።

ይህን ለሃያ ሦስት ዓመት ለማንም አልተነፈስኩም። ለባለቤቴ ለይታይሽ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ የጨዋታ ነገር ነው፣ ኃጢአት አይባልም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለልጄ ለአንተነህ።

አንተነህ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ከእኔ ጋር ግንብ ይሠራል። አማኑኤል ላይ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ይዘን ሳለ ማዕዘኑ ተጣሞበት በልስን ሸፈነው። ሌላ ሰው አያውቅም ነበር። እኔ ግን ቱንቢ ስጥል ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ አገኘሁት። አልመታሁትም። ያንን ማዕዘን እስከ መሠረቱ አፍርሶ እንደገና እንዲሠራው አደረግሁ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አኩርፎ ሄደ። የተሸፈነ ጥፋት ባለቤቱን እንደማይለቅ ላስተምረው ብዬ የተረከዜን ነገር ነገርኩት። ሰው ሲያሞግሰኝ ለምን እንደማልደሰት፣ አያ ውቤን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ለምን እንደምሰብር ነገርኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝና «በእኔ ዘንድ ይቀራል፣ አባባ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንከን አልነበረውም። እኔም ምክሬ ገባው ብዬ ተመስገን አልኩ።

ሃያ ዓመት ሲሞላው የሜዳው አንበሳ እርሱ ሆነ። ዱላ አያያዙ የእኔ ነው፤ አሯሯጡ ግን ከእኔ ይበልጣል። እኔ በሃያ ዓመቴ እንደርሱ አልነበርኩም፤ ይህን ሳልቀና ነው የምናገረው። እኔ ደግሞ ጉልበቴን እያመመኝ ሦስት ገና ዳር ቆሜ ተመልካች ሆንኩ። ሰው «አያ ታከለ አበቃላቸው፣ ግን ልጃቸውን ተክተዋል» ይል ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጉልበቴ ተሻለኝ። አንድ ጊዜ፣ ልጄ ባለበት ሜዳ መጫወት አማረኝ። ይታይሽ ተቃወመች፤ ልጅህን ሙሽራ የምታደርግ ሰው ከጎረምሳ ጋር ትገፋፋለህ ወይ አለችኝ። ለእርሷ ያልነገርኳት ምክንያት ነበረኝ። የምፈልገው ማሸነፍ አልነበረም። አንዲት ግብ ነበር የምፈልገው። በዱላ የገባች፣ ንጹሕ፣ ሰው ሁሉ የሚያያት ግብ። ያች የመጀመሪያዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ድንጋይ ተጭናኝ ነበር። ዱላዬን ከመስቀሌ በፊት እውነተኛ ግብ አግብቼ ሚዛኑን ላስተካክል ብዬ ነው። የሞኝ ሐሳብ ነው ትሉ ይሆናል። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሜዳ ስደርስ ጎረምሶቹ ሣቁ። ሞላ የሚባል አንድ ብርቱ ልጅ አለ፤ ከአንተነህ ቀጥሎ እርሱን የሚያህል የለም።

«አያ ታከለ፣ ጉልበትዎን ቤት ትተውት ነው የመጡ?» አለኝ።

«አንዱን አምጥቻለሁ። ለአንተ አንዱ ይበቃል» አልኩት። ሜዳው ሣቀ፣ እርሱም ሣቀ።

በእኛ ዘንድ ቡድን የሚለየው በአቻ ነው። በጉልበት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ተጠራርተው ዘወር ይሉና ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ መሪዎች ቀርበው ስሞቹን ይጠራሉ። ተራው የደረሰው መሪ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ አንዱን ስም ይመርጣል፤ የቀረው ለሌላው ይሆናል። ስለዚህ አቻህ ሁልጊዜ ተቃራኒህ ነው። እኩያህን ስትጠራ ደግሞ ይህ ሰው እኔን ያህላል ብለህ በሰው ፊት መመስከርህ ነው።

እኔ አንድ ሁለት የጎለመሱ ሰዎችን እያየሁ ከማን ጋር ልውጣ ስል፣ አንተነህ ሜዳውን አቋርጦ መጣና እጄን ያዘ።

«አባባ፣ ከእኔ ጋር ይውጡ» አለኝ።

ሞላ ወዲያው ተቃወመ። «ይኼ አቻ አይደለም። አንተነህ መውጣት ያለበት ከእኔ ጋር ነው» አለ።

አንተነህ ወደ ሰዉ ዞረ። «አባቴ አቻዬ ናቸው። ያንሳሉ የሚል ማን ነው?» አለ።

ማን ይበል? ሠላሳ ዓመት ሲያሞግሰኝ የኖረ ሰው ፊቴ ላይ ቆሞ «አዎ፣ ያንሳሉ» ሊል? አንዱም አልተነፈሰም። ሞላም አንገቱን ደፋ።

ያን ሰዓት የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። ልጄ በሰው ፊት ስለመሰከረልኝ ኮራሁ። ዘወር ብለን ስንቆም እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ እርስዎ ወይራ ይሁኑ፣ እኔ ዝግባ ልሁን አለኝ። መሪዎቹ ዘንድ ስንቀርብ ባለ ተራው ዝግባን መረጠ። እኔ ለሌላው ሆንኩ። ሞላ ከሌላ ልጅ ጋር ወጥቶ እርሱም በአንተነህ ወገን ደረሰ። በእኛ በኩል ጥሩ ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ግን የሜዳው ሁለት ብርቱዎች በዚያኛው ወገን ሆኑ። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ልጄ አቻዬ ናቸው ብሎኛል፤ ሌላ ምን አስባለሁ?

ዳኛው አያ ውቤ ነበሩ። ሰባውን አልፈዋል፤ በመሐል ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፣ ጠብ ሲነሣ ይጠየቃሉ።

ጨዋታውን ሁሉ አልዘረዝርም። መጀመሪያ አንተነህ አገባብን። ሩሯን ከሩቅ እየገፋ ሦስት ሰው አልፎ ነው ያገባት፤ በልቤ ጎበዝ አልኩት። ከእኛ ወገን አንድ ሸማኔ ልጅ አስተካከለልን። ጉልበቴ እያመመኝ መጣ፤ ግን አልወጣሁም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያነሣኝ አንተነህ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ጫካው ስትጠጋ ሁሉም ሰው የሚቀጥለው ያገባ ያሸንፋል ማለት ጀመረ። በዚያ ሰዓት ሩሯ ወደ እነ አንተነህ መስመር ተገፋች። ሰው ተከመረ። ከኋላ ሆኜ ስጠብቅ ሩሯ ከሰዎቹ እግር ሥር ተፈናጥራ እፊቴ መጣች። በእኔና በመስመሩ መካከል የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንተነህ። በቀኙ የምልክ መስዬ ዱላዬን አነሣሁ፤ ክብደቱን ወደዚያ ሲጥል በእግሮቹ መካከል መታኋት። የዱላው ጫፍ ሩሯን ሲያገኛት የሚሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ደረቅ ነው፣ እጅ ድረስ ይመጣል። ሩሯ በእግሮቹ መካከል አልፋ መስመሩን ተሻገረች። አንተነህ ዞሮ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ።

ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን በዚያች ቅጽበት አወረድኩ። እንዲህ ቀላል ሆኜ አላውቅም።

ጩኸቱ ተነሣ። የእኛ ልጆች አቀፉኝ። ከዚያኛው ወገን ግን ከኋላ የነበሩ «እግር ነው! እግር ነው!» አሉ። አቧራ ስለነበር አልፈርድባቸውም። ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ውቤ ሄደ። እርሳቸው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ወደ እኔ መጡ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው አዩኝና፣

«ታከለ፣ በዱላ ነው በእግር?» አሉኝ።

«በዱላ ነው» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ምክንያቱም እውነት ነበር።

አያ ውቤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን አንሥተው ሊፈርዱ ነበር። አንተነህ ከሰው መሐል ወጣ።

«አያ ውቤ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመትም በዱላ ነው ብለዎት ነበር። በተረከዛቸው ነው ያገቧት። ራሳቸው ነግረውኛል» አለ።

አልጮኸም። አልተሳደበም። አንቱታውን አንዲት ፊደል አላጎደለም። ከብት የሚነዳ ሰው ከሩቅ ሲያፏጭ ሰማሁ።

አያ ውቤ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅህ የሚለው እውነት ነው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ሐሰት ነው ብል ሰዉ የሚያምነው እኔን እንጂ ልጁን አልነበረም። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼ ሠላሳ ዓመት ከፍያለሁ። «እውነት ነው። ያኔ በተረከዜ ነው። ዛሬ ግን በዱላዬ ነው» አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ ሌላው። አያ ውቤ አልሣቁም። «ሩሯ ትመለስ» አሉ። ግቧ ቀረች።

ሜዳውን ጥዬ አልሄድኩም። ሽንፈትን ጥሎ የሚሄድ ሰው አልወድም፤ ልጆቼንም እንዲህ አላስተማርኩም። ቆሜ ተጫወትኩ ማለት ግን አልችልም፤ ቆሜ ነበር ብቻ። ጥቂት ቆይቶ አንተነህ አገባ። አሸነፉ። ሞላ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ጎረምሶቹ በዙሪያዬ እየጨፈሩ ወዲያው ገጠሙብኝ፦

አያ ታከለ ሆይ፣ ዱላዎን ይጣሉ፣
ሩር የሚያገባልዎ ተረከዝ ነው አሉ።

በገና አይቆጡም። ስለዚህ ፈገግ አልኩ። ያን ፈገግታ ፊቴ ላይ ይዤ እስከ ቤቴ ድረስ ሄድኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ከባድ ሥራ እርሱ ነው።

አንተነህ ሊመሽ ሲል መጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አጥር ዘንድ ቆሜ ጠበቅሁት። ቤት ሳይገባ ሁለት ነገር እንደምጠይቀው፣ ሳይዋሽ እንዲመልስልኝ ነገርኩት።

«ዛሬ ከእኔ ጋር አቻ የወጣኸው ለምንድን ነው?»

መሬት መሬት አየ። ከሞላ ጋር ቢወጣ ሞላን መግጠሙ እንደማይቀር፣ ከእኔ ጋር ከወጣ ግን ሞላ በእርሱ ወገን የመሆን ዕድል እንዳለው ነገረኝ። ያንሳሉ የሚል ማን ነው ብሎ የጠየቀውም ማንም እንደማይል ስላወቀ ነበር። ያኮራኝ ያ ቃል ስሌት ነበር።

«ግቧስ? ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

«ገብታለች። በዱላ ነው» አለ። «በእግሮቼ መካከል ነው ያለፈችው።»

«ታዲያ?»

«ልንሸነፍ ነበራ፣ አባባ። እርስዎም እኮ ያኔ ያደረጉት ላለመሸነፍ ነው።»

ያንን የነገርኩት እንዳያደርገው መሆኑን ነገርኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ይታይሽ ወደ በሩ ብቅ አለች። አንተነህ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፣ አላሾፈም። የማያውቀው ነገር የተነገረው ሰው ይመስል ነበር።

«ሲነግሩኝ እኮ እየሣቁ ነበር» አለ።

አልሣቅሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። የአማኑኤሉ መንገድ ትዝ አለኝ። መምከር ጀምሬ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ስገባ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱ መሐል ቆሜ ተረከዜን እንዴት እንዳደረግሁ አሳይቼዋለሁ። በእጄ የያዝኩትን የግንበኛ ውኃ-ልክ እንደ ዱላ አንሥቼ በባዶው ሰንዝሬለታለሁ። እርሱም ያኮረፈው ልጅ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኔም ፈገግታውን አይቼ ጨመርኩለት። ኑዛዜ መስሎኝ የነገርኩት ግማሹ ጉራ ነበር።

ልጆቻችሁን የምትመክሩ አባቶች ሆይ፣ ይህን ከእኔ ውሰዱ። ጥፋታችሁን ለልጅ ስትነግሩ ቃላችሁን ብቻ ሳይሆን ፊታችሁንም ጠብቁ። እኔ ማስጠንቀቂያ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር፤ እርሱ የተቀበለው ግን ዘዴውን ነው።

ይህን ማወቄ ግን የእርሱን ጥፋት አላቀለለልኝም። ሰው የአባቱን ኃጢአት ሊያውቅ ይችላል። የአባቱን ሐሰት አንሥቶ የአባቱን እውነት መግደል ግን ሌላ ነገር ነው። ሐሰቴ ሠላሳ ዓመት ኖረ። እውነቴ አንድ ደቂቃ አልሞላትም።

በሦስተኛው ቀን አያ ውቤ ዘንድ ሄድኩ። ከአጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ ብዬ፣ ስለዚያን ጊዜው ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ተቀመጥ አሉኝ። ስቀመጥም፣

«ያኔም አይቼሃለሁ» አሉኝ። «ተረከዝህን አይቻለሁ።»

ታዲያ ለምን እጄን ጨብጠው እንደሄዱ ጠየቅኋቸው።

«በሰው ፊት በዱላ ነው ካልክ ምን ልበልህ? ነገ ብቻዬን ስሆን መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነህ። በሬ ስትዋስ መጥተሃል፣ ለልጅህ ክርስትና ጠርተኸኛል። ያን ግን አልነገርከኝም።» ከዚያም ጨመሩ። «ግቧ አይደለችም ያስቀየመችኝ። ከልጅህ አፍ መስማቴ ነው።»

እኔ ተከዳሁ ብዬ ሦስት ቀን እህል አልዋጥ ብሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ነገር ውጠው ሰላም ይሉኝ ነበር።

ልነሣ ስል አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው፦ «የባለፈዋ ግን ገብታለች፣ አያ ውቤ። በዱላ ነው።»

«ትሆናለች» አሉ።

ልጄ ራሱ አምኖልኛል ማለት እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላልኩም። እርሱ የእኔን ምስጢር ሜዳ ላይ አውጥቶታል፤ እኔ የእርሱን ለማውጣት አፌ እምቢ አለኝ። አሁን ጽፈህ አወጣኸው አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ወደ መጽሔት ከመላኬ በፊት አንተነህን ጠርቼ ከመጀመሪያ እስከዚህ ድረስ አነበብኩለት። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ሰማ። ስጨርስ «እውነት ነው። ይላኩት» አለኝ። ይህንኑ ቃል ያን ቀን ሜዳ ላይ ቢለው ኖሮ የምጽፈው ነገር ባልኖረ ነበር።

አሁን ምን ይሰማሃል ካላችሁኝ፣ አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንበላለን። ባለፈው ዓመት ሚስት አግብቷል፤ መርቄዋለሁ፣ ምርቃቱም ከልቤ ነው። ይቅር ብዬዋለሁም። ማመን ግን ሌላ ነገር ሆኖብኛል። አንድ ነገር ሲነግረኝ «እሺ» እለውና፣ ዘወር ብዬ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። አባት በልጁ ላይ እንዲህ ሲያደርግ ራሱን መታዘብ ከባድ ነው።

እኔም ላይ ይደርስብኛል። ድሮ በወሰን የተጣሉ ጎረቤቶች ሽማግሌ አድርገው ሲወስዱኝ፣ ወሰኑ ይህ ነው ካልኩ ያ ነበር። አሁን አክብረው ይሰሙኝና አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሌላም ምስክር ቢጨመር ምን ይመስላችኋል» ይላል። በዚህ አልከፋም። ይገባኛል፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት። ገናም አልጫወትም፤ ዳርም አልቆምም። በዚያ ቀን ወደ ሜዳው የሚወስደውን መንገድ ትቼ በሌላ እሄዳለሁ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ካገባኋቸው ግቦች ሁሉ ሁለቱን ብቻ ነው የማስባቸው። የመጀመሪያዋን ሰው ሁሉ አመነልኝ፣ ሐሰት ነበረች። ሁለተኛዋን ማንም አላመነልኝም። ይህን የምታነቡ ሰዎች እኔንም፣ ልጄንም፣ ሜዳውንም አታውቁም፤ ብታምኑኝም ባታምኑኝም የምታገኙት ነገር የለም። ለዚህ ነው ለእናንተ የምናገረው።

ገብታለች።